ያለሰለስኩት ትርጉም

ታማሚ ልንጠይቅ ስንሄድ ብርቱካን እንይዛለን፣ ሾርባ በፔርሙዝ እንይዛለን፤ እውነቱን ግን እቤት ትተነው እንወጣለን። እናንተም ብትሆኑ ፊቱ አመድ የመሰለውን ሰው «ዛሬማ በርትተዋል» ብላችሁ ታውቃላችሁ። አትካዱኝ።

እኔም ያንኑ ነው ያደረግኩት፤ የእኔው ግን በትርጉም ነበር። እዚህ ኬንያ በምንኖርበት በሳውዝ ሲ ሰፈር ጎረቤታችን የሆኑት ጋሽ ታደሰ የጉሮሮ ካንሰር ይዟቸው የጨረር ሕክምና ሊጀምሩ ሲሉ፣ እንግሊዝኛ ይችላል ተብዬ አስተርጓሚ ሆኜ ሄድኩ። ጠንቃቃ ነኝና ኬንያዊው ሐኪም ያሉትን ቃል በቃል ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ «ጨረር እየወሰደ የሚያጨስ ሰው ሕክምናው እንደሚገባው አይሠራለትም፤ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ ካንሰሩም የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። ከዛሬ ጀምሮ አንድም ሲጋራ እንዳያጨሱ።» ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀና ስል የአባቴ እኩያ የሆኑት ሰው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«ሲጋራውን ቀነስ ቢያደርጉት ጥሩ ነው ይላሉ» አልኩ።

«ጨዋ ሐኪም!» አሉ ጋሽ ታደሰ።

በሳምንቱ ሐኪሙ ግማሽ ፓኬት ፈቀዱ ተብሎ ተወራ። «ግማሽ» ያለው ማን እንደሆነ እስካሁን እያጣራሁ ነው። ጠያቂዎች «ለዚህ ያበቃዎት የማታቱ ሚኒባስ ጭስ ነው» እያሉ ከብርቱካኑ ጋር ሲጋራ ያመጡላቸው ጀመር። አንዱማ ጉሮሮ ይከፍታል ብሎ የሚንት ጣዕም ያለውን ሜንቶል ሲጋራ መርጦ አመጣ። እኔ ጥግ ይዤ፣ ዛሬ ልንገራቸው ወይስ ነገ እያልኩ፣ ብርቱካን እልጣለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሙ ጉሮሯቸውን አይተው ፊታቸው ጠቆረ። «የጠበቅኩትን ያህል አልቀነሰም። ያጨሳሉ እንዴ? ያልኩህን ነግረሃቸዋል?»

ደብተሬን አወጣሁና ለጋሽ ታደሰ በአማርኛ አነበብኩላቸው። ቀኑ እንኳ አልቀረም።

ጋሽ ታደሰ ከኪሳቸው ሜንቶሉን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ረፍዶብኛል ወይ? ብለህ ጠይቀው» አሉ በሻከረ ድምፅ።

«ዛሬ ካቆሙ ይጠቅማቸዋል፤ ይድናሉ ብዬ ግን ቃል አልገባም» አሉ ሐኪሙ። ይህችን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ።

ከክፍሉ ስንወጣ ጋሽ ታደሰ ውጭ ለሚጠብቁን ለባለቤታቸው ለእትዬ አስካለ፣ እኔው እየሰማሁ፣ እንዲህ አሏቸው፦ «ይሄ ልጅ አስተዳደጉ ጥሩ ነው፤ ሊገድለኝ ነበር። ለሚቀጥለው ቀጠሮ አንድ ባለጌ ፈልጊልኝ።»

እትዬ አስካለ ሳውዝ ሲን ዞሩ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ድረስም አስጠየቁ። እንግሊዝኛ የሚችል ባለጌ ግን አልተገኘም። ሐሙስ ለቀጠሮው የምሄደው እኔው ነኝ፤ እስከዚያው ብልግና እየተለማመድኩ ነው።