የጽጌወይን እልልታና የጃፓኖቹ ከበሮ

ሐበሻ ከሦስት በላይ ሆኖ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ሰማይ ቤትም ቢሆን፣ ሳትጠየቅ እልል የምትል አንዲት ሴት አትጠፋም። ታውቋታላችሁ። ሙሽራዋ ከመኪና ሳትወርድ እልል ትላለች። ኬኩ ሳይቆረስ እልል ትላለች። ቄሱ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሊባርኩ ነው ብላ እልል ትላለች። ሌላው ሰው ግራ ቀኙን አይቶ፣ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ነው የሚጀምረው። እሷ ግን መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

በላስ ቬጋስ ይህን ከባድ ሹመት የያዙት ክብርት ወይዘሮ ጽጌወይን ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ማንም ሊሽራቸውም አልቻለም። ከሱዳን ስደት ጀምራ ጓደኛዋ ለሆነችው፣ ዛሬም ግድግዳ ለግድግዳ ለምትኖረው ለብርቅታይት ግን ጽጌ ናት፤ አንቱታውም እዚህ ላይ ይብቃን። ብርቅታይት ደግሞ በሰው ፊት ካስነጠሳት ሳምንት ሙሉ የምታፍር ሴት ናት። እግዜር እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ምን እንዳሰበ እሱ ያውቃል።

ብርቅታይት ለአሜሪካ ዜግነት የማለች ቀን፣ ዳኛው «እንኳን ደስ አላችሁ» ብለው ሳይጨርሱ ጽጌወይን ከኋላ ወንበር ላይ እልልታውን አቀለጠችው። ጥበቃው እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው «የተጎዳ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። ብርቅታይት የተሰጣትን ትንሽ ባንዲራ ፊቷ ላይ ጋርዳ፣ ሴትየዋን በመልክም እንደማታውቃት ሆና ቆመች። ውጭ ሲወጡ ተቆጣቻት።

«ምነው ጽጌ፣ ፍርድ ቤት እኮ ነው!»

«ታዲያ ዝም ልበል?»

ይቺ «ታዲያ ዝም ልበል?» የጽጌወይን ሕገ መንግሥት ናት። ሌላ አንቀጽ የላትም። የጥርስ ሐኪሙ «ጥርስሽ ደህና ነው» ሲላት አፏ ውስጥ ያለው መሣሪያ ሳይወጣ እልል ብላለች። ሆቴል ክፍል በሚያጸዱበት ዘመን፣ ሺፍት ልትገባ በካዚኖው መሃል ስታልፍ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ በቁማር ማሽን ትልቁን ዕጣ ሲመታ አየችና እልልታውን አስነካችው። ሰውየው የማሽኑ አዲስ ድምፅ መስሎት፣ ደግሞ እንዲጮኽለት ጎን ጎኑን ይደበድበው ጀመር።

ኮቪድ መጣና ሁሉ ነገር ተዘጋ። የጽጌወይን ልጅ ሮሐ በነርስነት የተመረቀችው በዙም ነው። ጽጌወይን ስልኩን አፏ ላይ ደቅና እልልታዋን ለቀቀችው። ከማዶ ያሉት ድምፅዋን ዘግተው ሚዩት አደረጓት። እሷ እስኪበቃት እልል ብላ «ሰምተዋል?» አለች። ሮሐና ብርቅታይት ተያይተው «በደንብ!» አሏት።

ከዚያ በኋላ ሰርግ የለ፣ ክርስትና የለ፤ ክብርት ወይዘሮ ያለ ሥራ ተቀመጡ። ስኳሯ ከፍ አለ። ሮሐ «እማዬ፣ ውጪና ተራመጂ» ብትላት ከብርቅታይት ጋር በየቅዳሜው ጠዋት ማስካቸውን አጥልቀው መራመድ ጀመሩ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ ከጃፓኖቹ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ጀርባ ካለው የመኪና ማቆሚያ ሲደርሱ ጉድ አዩ። ሽማግሌም ወጣትም የሆኑ ሰዎች ተራርቀው ቆመው፣ እግራቸውን አንፈራጠው፣ በወፋፍራም ዱላ የመኪና ጎማ ይደበድባሉ። ጎማው አፉ በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ተወጥሯል።

«ምን አድርጓቸው ነው?» አለች ብርቅታይት።

«ዝም በይ፣ ስሚ» አለች ጽጌወይን። ከሷ አፍ «ዝም በይ» ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ጎማው ድም ድም ይላል እንጂ ድምፁ አይርቅም። የጎደለውን በአፋቸው ይሞሉታል። ሽበቷን አሳጥራ የተቆረጠች አሮጊት «ዶን፣ ዶን፣ ዶኮ ዶን!» ስትል ሁሉም ይከተሏታል። መሃል ላይ አንዱ «ሶሬ!» ብሎ ይጮኻል። ያኔ ዱላው ሁሉ እኩል ይነሳል፣ እኩል ይወርዳል።

ጽጌወይን ማስኳን ወደ አገጯ አወረደች። ብርቅታይት ክንዷን ልትይዝ ስትል ዘገየች። እልልታው አጥሩን ተሻግሮ ሄደና ዱላው ሁሉ አየር ላይ ቀረ።

አሮጊቷ ወደ አጥሩ መጣች። ብርቅታይት «አይ አም ሶሪ፣ አይ አም ሶሪ» እያለች በጣቷ የጽጌወይንን ጭንቅላት ታመለክታለች።

«እሷ ናት?» አለች አሮጊቷ። «እስቲ ትድገመው።»

ሚስ ሳቺኮ ትባላለች። አጥር ይዛ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ከበሮው ታይኮ ይባላል። ዋናዎቹ ከወይን ጠጅ በርሜል የተሠሩ፣ የከብት ቆዳ የተወጠረባቸው ናቸው፤ አዳራሹ ስለተዘጋ እዚያው ተቆልፎባቸዋል። እስኪከፈት ክንዳቸው እንዳይረሳ ጎማ ይመታሉ። ጩኸቱም ለጌጥ አይደለም። መቺው ያለው ክንድ ብቻ ነው፤ ትንፋሹን የሚሰጠው የሚጮኽለት ሰው ነው። በየዓመቱ በነሐሴ ኦቦን የሚሉት በዓል አላቸው። ያን ጊዜ የሞቱ ዘመዶች ቤተሰባቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ ይባላል። ከበሮውን መሃል ከፍ አድርገው ይሰቅሉና ሰዉ ዙሪያውን ይጨፍራል፤ ለቅሶ የለም።

«ዘንድሮ ግን በሽታው አስቀረው» አለች ሚስ ሳቺኮ። «መጥተው ማንም አልተቀበላቸውም።» ከማስኩ በላይ ሲያዩዋት ትሳቅ ትዘን አይለይም።

ጽጌወይን ባላት እንግሊዝኛ፣ የጎደለውን በእጇ እየሞላች፣ በኛም አገር የጥምቀት ዕለት ከበሮ መቺው ክንዱ ሲዝል በእልልታ ነው የምናነሳው አለቻት። ሁለቱ አሮጊቶች ተግባቡ። መንገድ ላይ ብርቅታይት ጀመረች።

«ሙታን የሚመጡበት በዓል እኮ ነው ያለችው። የንስሐ አባትሽ ቢሰሙስ?»

«እኔ ሙታኑን ጠራሁ እንዴ? ክንዱ ለዛለው ሰው ነው እልል ያልኩት።»

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ታጣፊ ወንበሯን ይዛ አጥሩ ሥር ተተከለች። «አንተ ባለቀይ ካልሲው! ቁርስ አልበላህም? ከፍ አድርገው እንጂ!» ትላለች በአማርኛ። ባለቀይ ካልሲው አንድ ቃል ሳይገባው ክንዱን ከፍ ያደርጋል። ሚስ ሳቺኮም ቦታ ሰጠቻት። በምቱ መሃል ሁሉም ዱላቸውን አንስተው ጸጥ የሚሉበት አለ፤ ጸጥታውም የከበሮው አካል ነው። እዚያች ላይ ጽጌወይን ብቻዋን እልል ትላለች፤ ከበሮው ይመልስላታል። ብርቅታይት ራቅ ብላ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ትቆማለች።

በጥር ጽጌወይን ታመመች። ሆስፒታል ገባች፣ ኦክስጅን ተደረገላት፤ ብርቅታይት ፓርኪንጉ ውስጥ ቆማ የትኛው መስኮት የሷ እንደሆነ ስትገምት ሰነበተች። ተመስገን፣ ዳነች። በላች፣ ተራመደች፣ ተከራከረች። እልልታዋ ግን አብሯት አልተመለሰም። ሮሐ «እማዬ፣ ሳንባሽ ጸድቷል» ያለቻት ቀን አፏን ከፈተች። ነፋስ ወጣ። ዘጋችውና «ውሃ ስጪኝ» አለች።

በግንቦት የጎረቤታቸው የሚካኤል ሰርግ በጓሮ ተደገሰ። ኬኩ ሲቆረስ ሰው ሁሉ ወደ ጽጌወይን ዞሮ ጠበቀ። እሷ ሳህኗን ታያለች። ስብሰባ ላይ እንዳለ ሰው ዝም ብለው በሉ። ይህን ጸጥታ ስንት ዓመት የተመኘችው ብርቅታይት ኬኩን ሳትጨርስ ሳህኗን አስቀመጠች። ለዜግነት የማለችበት ቀን ትዝ አላት። ሌላው ሁሉ ዘመዱን፣ አበባውን ይዞ መጥቶ ነበር። እሷ አንድም የሥጋ ዘመድ አልነበራት፤ ከኋላዋ ሰው እንዳላት ለዳኛው ሳይቀር ያሳወቀችላት ጽጌ ናት። እሷ ደግሞ በባንዲራ ተሸፍናባት!

ቅዳሜም ቀረ። «ሄጄ ምን ልሁን? እንደ እንግዳ ተጎልቼ ልይ?» ትላለች ጽጌወይን።

በነሐሴ ሚስ ሳቺኮ ራሷ በር አንኳኳች፤ ከጓሮዋ የቀጠፈችውን ዱባ ይዛ። አዳራሹ ተከፍቷል፣ ከበሮዎቹ ወጥተዋል፣ ኦቦንም በመኪና ማቆሚያው ላይ በትንሹ ሊከበር ነው። ወንድሟ በብርዱ ወራት ሞቶባት ቀብሩን በስልክ ነው ያየችው። ዘንድሮ ልትቀበለው ነው።

«ያንቺን ቦታ አልደፈንነውም» አለቻት።

«ድምፄ የለም።»

«ቦታው ግን አለ።»

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሄዱ። አስፋልቱ ገና ትኩስ ነው። የወረቀት ፋኖሶች ተሰቅለዋል፤ የጥጥ ቀሚስ የለበሱ ሰዎች ክብ ሠርተው ይጨፍራሉ። የመጀመሪያው የበርሜል ከበሮ ሲመታ በብርቅታይት ደረት ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ቦታ ቀየረ። ለካ እስከ ዛሬ የሰማችው ጎማ ነበር!

ምቱ ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ ቆመ። ዱላው ሁሉ አየር ላይ ነው።

ጽጌወይን ተነሳች። ማስኳን አውርዳ አፏን ከፈተች። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከረች። ባለቀይ ካልሲው ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሚስ ሳቺኮ ግን ዱላዋን አላወረደችም፣ ወደነሱም አልዞረችም። ብርቅታይት የጓደኛዋን እጅ አየች፤ የወንበሩን ጀርባ ጨምድዶ ይዟል።

ያኔ አንድ ድምፅ ተሰማ። ብርቅታይት ከየት እንደመጣ ዞር ዞር ብላ ፈለገች። የራሷ ነበር።

እልልታው መጀመሪያው ሳል፣ መሃሉ ፍየል፣ መጨረሻው ላይ ግን ትንሽ ትንሽ እልልታ ነበር። ለከበሮዎቹ በቃቸው፤ ሁሉም በአንድ ላይ ወረዱ።

ጽጌወይን ወንበሯ ላይ ወድቃ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ይሄ ምንድነው? ሰው ያነቀሽ መሰለ እኮ!»

«እልል ብዬ አላውቅም፣ ምን ላድርግ!»

«ትከሻሽን አውርጂ። ምላስሽን ልቀቂው፣ አትቆጥቢው። እጅሽን ከአፍሽ ላይ አንሺ!»

«ሰው ሁሉ እያየኝ ነው፣ ጽጌ።»

«ይይሻ! ደግሞ ሊመጣ ነው፣ ተዘጋጂ።»

እውነትም ምቱ ዞሮ ወደዚያችው ቦታ እየተመለሰ ነው። ጽጌወይን ተነስታ የብርቅታይትን አንጓ ያዘች። ዓይኗን ከዱላዎቹ ላይ አልነቀለችም።

«ቆይ» አለች።

ዱላዎቹ ተነሱ።

«ቆይ... ቆይ... አሁን!»