ውርጭ ያደረበት ጋን

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ይህን የተረተው ሰው አጎቴን አያ ይርሳውን አላገኛቸውም ማለት ነው። እሳቸው ሲቸኩሉ የሚያፈሱት እሳቸው፣ የሚለቅመው ሌላ ሰው ነበር። እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፤ ብቻ ፊቱ እንዳትስቁ።

በንጉሡ ዘመን ነው፣ እንጅባራ አጠገብ፣ ጥርባ። እኔ ልዳር ነኝ። የሰርጌ የጠላ ጋን እትዬ ስንዱ ለምትባል ሸክላ ሠሪ ታዘዘ። ሸክላ ጥላ ውስጥ፣ ቀስ እያለ ነው የሚደርቀው። አያ ይርሳው ግን ጥር ደረሰ ብለው ተቆጡና ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ ፀሐይ እንዲመታው ጋኑን ከቤቷ አስወጥተው ደጅ አስቀመጡት። ማታም እንዳይገባ አዘዙ። የጥርባን የታኅሣሥ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋኑ እዚያው አደረ፤ ኋላም ደርቆ ተተኮሰ።

ውሃ ሲሞላ አላበው። ስንጥቅ የለው፣ ቀዳዳ አይታይ፤ ዝም ብሎ ዙሪያውን ያልበዋል። አጎቴ አጎንብሰው ውስጡን ቢያዩ፣ የቅጠል ጅማት የመሰለ መስመር ተንሰራፍቶበታል። ድግምት ጽፋበታለች አሉ። ሸክላ ሠሪን ቡዳ ለማለት ድሮም ሰበብ ፈላጊው ብዙ ነው፤ ነገ ጎጆዋ ይቃጠላል ተባለ።

ጧት ሰዉ ዱላና ችቦ ይዞ ደጇን ከበበ። እትዬ ስንዱ በሯን ተደግፋ ቆማለች። እኔ ጠጋ አልኩ። ደጅ ካደረው የሸክላ ጭቃዋ አንድ ጓል አንስቼ ብሰብረው፣ ውስጡ በረዶው እንደ መርፌ ቆሟል። እጄ ላይ ሲሟሟ ጭቃው ላይ ያንኑ የጋኑን መስመር ትቶ ሄደ።

«አያ፣ ይዩት» አልኳቸው። «ጭቃውን የበሳሳው ውርጩ ነው። ጋኑም ደጅ ነው ያደረው።»

አጎቴ ጓሉን እያገላበጡ ብዙ አዩት። ዱላዎች ዝቅ አሉ። እኔም ተነፈስኩ።

«ውርጩንስ ማን ላከው?» አሉ፣ እሷን እያዩ።

ጎጆዋ አልተቃጠለም፤ ይኸው እንደ ምሕረት ተቆጠረላቸው። እሷ ግን የዚያኑ ዕለት ዕቃዋን በአህያ ጭና በዳንግላ መንገድ ወጣች።

ሰርጌ በውሰት ጋን አለፈ። ያን የሚያልበውን ጋን የአጎቴ ሚስት ድንጋይ ላይ አስቀምጣ የደፈረሰ የምንጭ ውሃ ብትሞላበት፣ ከሥሩ ባኖረችው ገበቴ ላይ የሚንጠባጠበው ኩልል ያለ ሆነ። አያ ይርሳው ከዚያ ወዲያ ሌላ ውሃ እምቢ አሉ። ጎረቤት እየመጣ እንዲህ ያለ ጋን ከየት ይገኛል ሲላቸው፣

«ምን ይደረግ፣ ሠሪዋ ጥላን ሄደች» ይላሉ። ሲሉም ከልባቸው እያዘኑ ነበር።