ኳስ የማያገኝ ዱላ

(አሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት፤ የአንዲት ትንሽ ከተማ የስፖርት ዕቃ ሱቅ። ሌላንድና ኦርቪል በአንድ ቤተ ክርስቲያን የቤዝቦል ቡድን የሚጫወቱ ጎልማሶች ናቸው፤ ሁለቱም በር ሲገቡ ሆዳቸው ይቀድማል። ሌላንድ በዱላ ላይ የሚጠለቅ የብረት ቀለበት ይዟል።)

ኦርቪል፦ ዱላው መች ቀለለህና ነው ብረት የምትጨምርበት?

ሌላንድ፦ አልገባህም። ከብዶህ ትለማመዳለህ፤ ጨዋታው ላይ ስታወልቀው ዱላው ላባ ይሆንልሃል።

ኦርቪል፦ እንደዚያማ ከሆነ ሆዳችንን አውልቀን ብንጫወት አይሻልም?

ሌላንድ፦ ቀልዱን ተው። ዘንድሮ አንድም ኳስ አልመታሁም። ቅዳሜ ከሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ቡድን ጋር ስንጋጠም ደግሞ ከሳትኩ፣ ፓስተሩ ነጥብ መዝጋቢ ሊያደርገኝ ነው። ሚስቴ እያየችኝ።

ኦርቪል፦ ነጥብ መዝጋቢ እኮ ጥላ ሥር ነው የሚቀመጠው። ሎሚናትም ይቀርብለታል።

ሌላንድ፦ (የላስቲክ ማሰሪያ ያነሳል) ይኸው መድኃኒቴ። ሁለቱን ክርን አንድ ላይ ያስራል። የኔ በሽታ ክርኔ መበተኑ ነው፤ ራሴን በቪዲዮ ቀርጬ አጥንቼዋለሁ።

ኦርቪል፦ ዳኛው ታስሮ መጫወት ይፈቅዳል?

ሌላንድ፦ ለልምምድ ነው አልኩህ። ለመሆኑ አንተ ስለ ምት ምን ታውቃለህ?

ኦርቪል፦ ምንም። ኳሷ ስትመጣ እመታታለሁ።

ሌላንድ፦ ለዚህ ነው የማትሻሻለው።

(ጥግ ላይ መረብ ተወጥሯል፤ ከፊቱ ኳስ የሚቀመጥባት የጎማ ምሰሶ ቆማለች። ሌላንድ የተቀመጠችውን ኳስ ይመታል። መረቡ ይንቀጠቀጣል።)

ሌላንድ፦ አየህ? ምቴ ምንም አልጎደለውም።

ኦርቪል፦ እንግዲያው ቅዳሜ ምሰሶዋን ይዘህ ግባ። የሜቶዲስቶቹ ኳስ ወርዋሪም ሽማግሌ ነው፤ ይረፍ።

ሌላንድ፦ በዚህች የሚጫወቱት የአምስት ዓመት ልጆች ናቸው።

ኦርቪል፦ እነሱ ግን ይመታሉ።

ሌላንድ፦ በል አንተው ወርውርልኝ። በቀስታ።

(ኦርቪል ለስላሳ ኳስ ይወረውራል። ሌላንድ ይስታል። ደግሞም ይስታል። ሦስተኛዋ ሆዱን መትታ ትወድቃለች።)

ሌላንድ፦ እውነቱን ንገረኝ። ወገቤ ነው ክርኔ?

ኦርቪል፦ እኔ ምን አውቄ። ግን ጸሎቱን ትንሽ ቀደም ብታደርገውስ?

ሌላንድ፦ የምን ጸሎት?

ኦርቪል፦ ኳሷ ስትመጣ ዓይንህን ጨፍነህ የምትጸልየውን ነዋ።

ሌላንድ፦ ዓይኔን እጨፍናለሁ?

ኦርቪል፦ ግጥም አድርገህ።

ሌላንድ፦ (ማሰሪያውን ቀስ ብሎ ቦታው ይመልሳል) ክርኔን ሳጠና ፊቴን አንድ ቀን አላየሁትም። አንተስ እያየህ እንዴት ዝም አልከኝ?

ኦርቪል፦ የሚጸልይ ሰው ይቋረጣል እንዴ? እኛማ አግዳሚው ላይ ሆነን አሜን ስንልልህ ነው የከረምነው።

ሌላንድ፦ እኔ እኮ ኳሷን ፈርቼ ነው፣ ኦርቪል። እስቲ አንዴ ድገምልኝ።

(ኦርቪል ይወረውራል። ሌላንድ ዓይኑን አፍጥጦ ይሰነዝራል፤ ኳሷ የዱላውን ጫፍ ነክታ ታልፋለች።)

ሌላንድ፦ ነካኋት። ቅዳሜም እንዲሁ አፍጥጬ ነው የምቆመው።

ኦርቪል፦ ፓስተሩ እንዳያዝንብህ ብቻ። እሁድ ሲሰብክ «ከመካከላችን ሳያይ የሚያምን አንድ ወንድም አለ» ያለው እኮ ስላንተ ነው።

ሌላንድ፦ እኔ ነበርኩ? እኔ እኮ በዚያ ሰው ስቀና ነው የሰነበትኩት።