ለሥነ ምግባር ዳይሬክተርነት የተወዳደሩ ጎረቤቴን ልረዳ ብዬ የሆንኩት

ቆማችሁ የምታነቡ ካላችሁ ቁጭ በሉ። ታክሲ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ፌርማታ እንዳያልፋችሁ፣ ቤት ስትደርሱ አንብቡት።

ዛሬ በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ፣ የራሴን ጉድ ቃለ ጉባኤ ላይ ጻፍኩ።

አዎ። የራሴን!

ለማታውቁኝ፣ ሚኪ እባላለሁ። አንድ ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሰው ሀብት ባለሙያ ነኝ። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም። እንጀራዬ ነው። ቢያንስ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ነበር።

ዩኒቨርሲቲያችን አዲስ የሥራ መደብ ከፈተ። «የሥነ ምግባርና ኮምፕሊያንስ ዳይሬክተር» ይላል ማስታወቂያው። የተለጠፈ ቀን የግቢው ጥበቃ ቆም ብሎ አነበበና «ይሄ ሰው ኮምፕሌይን የሚያደርግበት ቢሮ ነው?» አለኝ።

«እንደዛ በለው» አልኩት። እኔም ጎግል ያደረግኩት በኋላ ነው።

ባጭሩ፣ ግቢው ውስጥ ሕግና ደንብ መከበሩን የሚከታተል ሰው ማለት ነው። ግዢ፣ ፈተና፣ ቅጥር፣ ሁሉንም። በተለይ ቅጥር!

አሁን እትዬ አስካለን ላስተዋውቃችሁ።

እትዬ አስካለ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ለብዙ ዓመት ዐቃቤ ሕግ ነበሩ። የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ምንጣፍ ያጠበ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ደረጃ ይጠርጋል የሚለውን ሕግ ያወጡት እሳቸው ናቸው።

አንድ ጊዜ ታዲያ ቀኑ ተምታታባቸውና ምንጣፍ አጠቡ። ማንም አላያቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ መጥረጊያ ይዘው ደረጃው ላይ!

«ምነው እትዬ?»

«ተቀጥቼ ነው።»

«ማን ቀጣዎት?»

«ሰብሳቢዋ!» አሉኝና መጥረጋቸውን ቀጠሉ።

ለቦታው የተወዳደሩት እንግዲህ እኚህ ሴትዮ ናቸው። የጽሑፍ ፈተናውን አልፈው ለቃለ መጠይቅ ተጠሩ። እኔ ደግሞ የቅጥር ኮሚቴው ፀሐፊ ነኝ። ጎረቤቴ መሆናቸውን ለኮሚቴው ማሳወቅ ነበረብኝ። መመሪያው ይላል። መመሪያውን ኮምፒውተር ላይ የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ። ዝም ብላችሁ አንብቡ።

ቢሮ ውስጥ ደግሞ ወሬ አለ። «ቦታው ሰው አለው፣ ይሄ ሁሉ ለፎርማሊቲ ነው» ይባላል። እኔ ይሄን ስሰማ ተቃጠልኩ። እኚህን የመሰሉ ሰው እያሉ!

ትናንት ከሥራ ልወጣ ስል ምን ባደርግ ጥሩ ነው?

የቃለ መጠይቁን ጥያቄዎች በስልኬ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክኩላቸው።

ለሥነ ምግባር ዳይሬክተርነት ለሚወዳደር ሰው። የተሰረቀ ጥያቄ።

ሳቁ። ሳቁ እንጂ! እኔ ግን ያኔ ጀግና የሆንኩ ነበር የመሰለኝ። ፍትሕ በእኔ በኩል ልትሰፍን ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ታክሲ ተሳፈርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ ካልኩ ደግሞ ትንሽ ለራሴም አስቤያለሁ። ነገ ዳይሬክተር ሲሆኑ «ያ ሚኪ ባይኖር» ይሉኛል ብዬ።

ገና ቤት ሳልደርስ ደወሉ። አላነሳሁም።

ደግመው ደወሉ። አላነሳሁም።

ለምን? ሊያመሰግኑኝ ነዋ! እኔ ደግሞ ሲያመሰግኑኝ አፍራለሁ። «እትዬ፣ ምስጋና አያስፈልግም፤ ለእርስዎ ሲያንስ ነው!» ብዬ ጻፍኩና የተጣመሩ እጆች ኢሞጂ ጨመርኩበት።

ትንሽ ቆይቶ በራችን ተንኳኳ። እሳቸው ናቸው። «ተኝቷል በያቸው» አልኳት እህቴን፣ ሶፋው ላይ ትራስ አቅፌ እየሳቅኩ። ይሄን ያህል ምስጋና!

ዛሬ ጠዋት።

የስብሰባ ክፍሉ ውስጥ አምስት ሰዎች ነን። ሰብሳቢያችን አንዲት ፕሮፌሰር ናቸው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ሰውን ከመነጽሩ በላይ የሚያዩ። ከጎናቸው ዶክተር ታምሩ፣ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር «በፕሪንሲፕል» ብለው የሚጀምሩ። ሌሎች ሁለት አባላት። ጥግ ላይ ደግሞ እኔ፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ።

እትዬ አስካለ ግራጫ ሱፍ ለብሰው ገቡ። አዩኝ። ግን ወንበር እንደሚታይ ነው ያዩኝ። «ጎበዝ፣ ፕሮፌሽናል ናቸው» አልኩ በሆዴ።

«እንኳን ደህና መጡ» አሉ ፕሮፌሰሯ። «እስቲ ራስዎን ያስተዋውቁንና ለምን በዚህ ቦታ ላይ እንደተወዳደሩ ይንገሩን።»

እትዬ አስካለ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አመቻቹ።

«ይሄን ጥያቄ አውቀዋለሁ» አሉ።

ሁላችንም ፈገግ አልን። የተለመደ ጥያቄ ነው አይደል?

«ቀጥሎ ያለውንም አውቀዋለሁ። ከተማሪ ስጦታ ስለተቀበለ መምህር ነው። ከሱ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ስለ ግዢ ነው። ሁሉንም ትናንት አንድ ሰው በስልኬ ላከልኝ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ከፍቼ አየሁት። ስለዚህ ወይ ጥያቄው ይቀየር፣ ወይ እኔን አሰናብቱኝ።»

ጆሮዬ ጭው አለ።

የሚገርማችሁ፣ እጄ መጻፉን አላቆመም! በኋላ ሳየው «ተወዳዳሪዋ ጥያቄዎቹን አስቀድመው እንደሚያውቁ አስረዱ» ይላል። የእጅ ጽሑፌ እንደዚህ አምሮ አያውቅም።

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አወለቁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሲያወልቁት አይቼ አላውቅም።

«ማነው የላከልዎት?»

«የላከልኝ ሰው እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «ስሙን ከእኔ ከምትሰሙት እሱ ራሱ ቢናገር ይሻለዋል። እኔ ይቺን ውኃ ልጠጣ፤ ጠጥቼ እስክጨርስ ልጠብቀው።»

ፊታቸው የነበረውን የፕላስቲክ ውኃ ከፈቱና መጠጣት ጀመሩ።

እናንተዬ! እኔ ብዙ ዓይነት ሰው አይቻለሁ። ሲጮህ የሚያስፈራ አለቃ አይቻለሁ። ጠረጴዛ የሚደበድብም አይቻለሁ። ውኃ በመጠጣት ብቻ አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ቀጥ ያደረገ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። በል ተናገር፣ በል ተናገር እላለሁ ለራሴ። አፌን ከፈትኩ።

«እኔ ጥያቄውን አልላክኩም!»

ይሄ የእኔ ድምፅ አይደለም።

ዶክተር ታምሩ ናቸው!

«በፕሪንሲፕል ጥያቄ አልሰጠሁም! ለዚያ ለሌላው ተወዳዳሪ ልጅ አቅጣጫ ነው ያሳየሁት! አቅጣጫ ማሳየትና ጥያቄ መስጠት ይለያያል!»

ሁሉም ሰው ወደሳቸው ዞረ። «ቦታው ሰው አለው» የተባለው ለካ የዶክተሩ ሰው ነበር! እትዬ አስካለ ጠርሙሱን ከአፋቸው አወረዱ። ዶክተሩን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው።

«እኔ እርስዎን አላውቅዎትም» አሉ በትሕትና።

ከዚያ ተመልሰው ውኃቸውን መጠጣት ቀጠሉ።

እዚህ ጋ ብዙዎቻችሁ «ሚኪ ዝም ብለህ ውጣ፣ ጥፋቱን ዶክተሩ ይሸከምልህ» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ለአፍታ አስቤው ነበር። ግን ውኃው እያለቀ ነው። ደግሞም የሆነ ነገር አየሁ። ጠርሙሱን የያዘው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ ድንጋይ መስለውኝ ነበር። ድንጋይ አይደሉም። ፈርተዋል። ፈርተውም ግን አልተነሱም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን?» አሉ ፕሮፌሰሯ። ድምፄ አልተሰማም ለካ።

«እኔ ነኝ። የላክኩት እኔ ነኝ። ጎረቤቴ ናቸው።»

ፕሮፌሰሯ «አቶ ሚኪያስ» አሉ፣ «ጻፈው።»

«ምኑን?»

«አሁን ያልከውን።»

ጻፍኩ። «ጥያቄዎቹን ለተወዳዳሪዋ የላከው የኮሚቴው ፀሐፊ መሆኑን የኮሚቴው ፀሐፊ ገለጸ።» በዓለም ላይ ከዚህ የከፋ ዓረፍተ ነገር የጻፈ ሰው ካለ ኮሜንት ላይ ያሳውቀኝ።

ፕሮፌሰሯ ወደ እትዬ አስካለ ዞሩ። «ለምን ትናንት ለእሱ አልነገሩትም?»

«ደወልኩለት። አላነሳም። በሩን አንኳኳሁ። ተኝቷል አሉኝ። ከዚያ ይሄንን ላከልኝ።»

ስልካቸውን አቀበሏቸው። ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ጮክ ብለው አነበቡ።

«እትዬ፣ ምስጋና አያስፈልግም፤ ለእርስዎ ሲያንስ ነው።» ቆም አሉ። «እጅም አለው።»

አንደኛው አባል ሳል ያዘው። ሳል አልነበረም።

እትዬ አስካለ ግን አልሳቁም። «አንድ ነገር ይመዝገብልኝ» አሉ። «ልጁ ክፉ ልጅ አይደለም። ያደረገው ነገር ግን ክፉ ነው። አንዱን ጽፋችሁ ሌላውን እንዳትተዉት።»

ይሄንንም እኔው ጻፍኩት። ፊደሎቹ ግን መሃል ላይ ደብዘዝ አሉብኝ። ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶ ነው።

ከዚያ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። የዛሬው ቃለ መጠይቅ ተሰረዘ። ሰኞ አዲስ ኮሚቴ በአዲስ ጥያቄ ሁሉንም ተወዳዳሪዎች እንደገና ይጠይቃል፣ እትዬ አስካለንም ጨምሮ። ዶክተር ታምሩ «አቅጣጫ» ያሳዩት ልጅ ጉዳይ ለብቻው ይጣራል። ዶክተሩና እኔ ከኮሚቴው ወጥተናል፤ የዲሲፕሊን ጥያቄም ይጠብቀናል። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ዶክተሩ «ሚኪዬ፣ እንዴት ነህ?» አሉኝ። ስሜን የሚያውቁት አይመስለኝም ነበር።

ከሥራ ስወጣ፣ ቃላቸውን በጽሑፍ ሲሰጡ ግቢ ከዋሉት ከእትዬ አስካለ ጋር አንድ ታክሲ ውስጥ ላለመግባት ታክሲ የምንቀይርበት አየር ጤና ወርጄ ጋራዦቹ ጋ ዞር ዞር አልኩ። የጎማ ዋጋ ሁሉ ጠየቅኩ። መኪና የለኝም።

በቃ ሄደዋል ብዬ ወደ ዓለም ባንክ ታክሲ ሰልፍ ሄድኩ። ሰልፉ መጨረሻ ላይ፣ ግራጫ ሱፍ። ሽንኩርት ሲገዙ ቆይተው ነው ለካ።

«ና» አሉኝ።

ሄድኩ። ሽንኩርቱን ተቀበልኳቸው። ታክሲው ሲመጣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። የዩኒቨርሲቲውን ይቅርታ ግን እኔ ልሰጥህ አልችልም።»

«እርስዎ እንዲያልፉ ብዬ እኮ ነው!»

ዞር ብለው አዩኝ። ቀኑን ሙሉ ወንበር አድርገው ሲያዩኝ ውለው፣ አሁን ገና እኔን አዩኝ።

«ሚኪዬ፣ በራሴ አላልፍም ብለህ ነው?»

ወገኖቼ፣ ስብሰባው ምንም አልነበረም። ቃለ ጉባኤውም ምንም አልነበረም። የተዋረድኩት እዚህ ጋ ነው። ፍትሕ ያልኩት፣ ውለታ ያልኩት ነገር ለካ ንቀት ነበር!

የሽንኩርቱን ፌስታል አንዴ ስፈታው አንዴ ስቋጥረው ቆየሁ።

እሳቸው መስኮቱን እያዩ አወሩ። «ቦታውን ፈልጌው ነበር። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት አንድ የመጨረሻ ሥራ ልሥራ ብዬ በጣም ፈልጌው ነበር። ጥያቄዎቹን ሳያቸው ደግሞ አንድም የሚያቅተኝ የለም። ዝም ብል ማን ያውቃል የሚል ሐሳብ ለእኔም መጥቶልኛል። መጥቶልኛል፣ አልዋሽህም።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ተነስቼ በራችሁን አንኳኳኋ!»

«ዛሬ ፈርተው ነበር?»

«እጄን አላየኸውም?» አሉኝ።

አይቼዋለሁ እትዬ። መቼም አልረሳውም።

እቤት ከገባሁ ጀምሮ ስለዚህ ነገር ብቻ ነው የማስበው። እኔ ደፋር ማለት የማይፈራ ሰው ይመስለኝ ነበር። እኚህ ሴትዮ የሚመኙትን ሥራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «አሰናብቱኝ» አሉ። እኔ ደግሞ ለእኚህ ሰው ነው ኩረጃ የላክኩት!

አሁን ሁኔታዬ ይሄ ነው። ሰኞ ከተሳካላቸው ቢሮው ይከፈታል። አዲሷ ዳይሬክተር ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። የግቢው የቅጥር ጥፋት ሁሉ ወደሳቸው ይሄዳል። መጀመሪያ ከሚቀርቡላቸው ጉዳዮች አንዱ ደግሞ የእኔ ነው። «ጎረቤቴ ስለሆነ ሌላ ሰው ይየው» ብለው እንደሚያስተላልፉት አውቃለሁ። ያም ሰው ቢሆን እሳቸው እያዩት አይምረኝም።

እኔ ግን እራት በልቼ ስነሳ ራሴን ምን ስል ሰማሁት? «አደራህን ጌታዬ፣ ሰኞ እሳቸውን አሳልፍልኝ!»

እስቲ ንገሩኝ፣ የሚያስቀጣው ሰው እንዲቀጠርለት የሚጸልይ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?