ለዓሣ የተገዛ የጥይት ፎርማ

ዕቃ መምረጥ የሚባል ነገር ለእኔ አልተሰጠኝም። ሐብሐብ ስገዛ እንደ ሰው ሁሉ ጆሮዬን አስጠግቼ በጣቴ ኳ ኳ አደርጋለሁ፤ ምን መስማት እንዳለብኝ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሻጩ እንዳይንቀኝ ብዬ ነው። እናንተስ? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ብዙዎቻችን የምንመርጠው አውቀን ሳይሆን ሰው ስለሚያየን ነው።

አንድ ባልደረባዬ ነበር፤ እንደ እኔው አስተማሪ። ሬዲዮ ሊገዛ ሄዶ መልኩ የሚያምረውን መረጠ። ቤት ሲያደርሰው ድምፅ የለውም። ይመልሰዋል ስንል ጭራሽ ጥልፍ አልብሶ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠው። ዜናውን ክፈትልን ያለው እንግዳ ሁሉ ዛሬ ዜና የለም የሚል መልስ ያገኛል። ዘመኑ ደርግ ነው። ዜና የሌለበት ቤት ማግኘት ቀላል ስላልነበረ እንግዳው ይበዛለት ነበር።

ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ ስለ ምርጫ ከተነሳ ግን የጋሽ ማቴዎስን የሚያህል የለም። ጋሽ ማቴዎስ ታቦር ተራራ ሥር ጎረቤቴ ነበር። የወላይታ ሰው ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት። ሁለት ነገር ይታወቅበታል። አንደኛ ጴንጤ ነው። ሁለተኛ አይዋሽም። አይዋሽም ስላችሁ እንዲሁ ለወግ ያህል እንዳይመስላችሁ። ሚስቱ ወይዘሮ ማርታ አዲስ ቀሚስ ለብሳ እንዴት ነኝ ብትለው እንኳ አስቦ ነው የሚመልስላት። አንዳንዴ አስቦም አይመልስም።

በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎ ነበር። የሥራ ቀን እንደ ምንም ያልፋል፤ መከራው እሑድ ነው። ሰውዬው ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደውን ልማድ የት ይጣለው? ጠዋት ተነስቶ ሱፉን ይለብሳል፣ ጫማውን ይወለውላል፣ ከበር ወጥቶ ይቆማል። ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ይጠፋዋል። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ሳየው አንጀቴን ይበላኝ ነበር። አንድ እሑድ ግን እግሩ እንደመራው ወደ ሐይቁ ወረደና ዓሣ አስጋሪዎች ከሚውሉበት ከአሞራ ገደል ደረሰ። ሲመለስ ዓሣ ማጥመድ እጀምራለሁ አለ።

ጀመረም። በሱፍ ነው የሚያጠምደው። ዓሣ አስጋሪዎቹ መጀመሪያ ተቆጣጣሪ መስሏቸው ይሸሹት ነበር፤ ኋላ ግን ለመዱት። ችግሩ ዓሣው አለመልመዱ ነው። ክሩ እንዲሰምጥለት ድንጋይ ያስርበታል፤ ድንጋዩ ሾልኮ ይወድቃል፤ ክሩ እንደ ሣር ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። አንድ ሽማግሌ አስጋሪ አዘነለትና በድንጋይ አይሆንም፣ እርሳስ አቅልጠህ ክብደት ሥራለት ብሎ መከረው። እርሳሱን ከአንድ ጋራዥ ለመነ። የቀለጠው እርሳስ የሚፈስበት፣ ቅርጽ የሚያወጣለት ፎርማ ግን መግዛት አለበት።

ገበያ የወረድነው ሦስት ሆነን ነው፤ እሱ፣ ማርታና እኔ። እኔን ለምን እንደወሰዱኝ አላውቅም፤ ሐብሐቡን አላዩም መሰለኝ። አሮጌ ብረት የሚሸጠው ሰውዬ ከማዳበሪያ ውስጥ ፎርማዎቹን አወጣ። አንዱ ሽምብራ የሚያካክሉ ክብ ክብ ፍሬዎች ያወጣል። አንዱ ማጠፊያው ተሰብሯል። ሦስተኛው እንደ ጉጠት የሚከፈትና የሚዘጋ፣ የእንጨት እጀታ ያለው፣ ውስጡ ረዘም ብሎ ጫፉ ሞጠጥ ያለ ነው። ሻጩ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይኼ የሽጉጥ ጥይት አረር የሚቀረጽበት ነው፣ ድሮ ባለሽጉጦች ቤታቸው ሆነው ነበር የሚሠሩት አለን። እኔ ይህን ስሰማ ዞሬ የሽንኩርት ዋጋ መጠየቅ ጀመርኩ።

ጋሽ ማቴዎስ ግን ፍቅር ያዘው። ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል፣ ወደ ፀሐይ አንስቶ መገጣጠሚያው ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ ያያል። አያሳልፍም። ማርታ ክቡን እንግዛ አለች። እሱ ክቡ የሐይቁ ቄጤማ ውስጥ ይጠላለፋል፣ ይኼኛው ግን ሹል ስለሆነ ሰንጥቆ ይወርዳል ብሎ አስረዳት። ዓሣ ደግሞ ከላይ የመጣው ነገር ምን እንደሆነ አይጠይቅም አላት።

«ዓሣው ባይጠይቅ ቀበሌው ይጠይቃል» አለች ማርታ።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ገዛው።

እርሳሱን ያቀለጠው በግቢው፣ በማርታ ከሰል ምድጃና በማርታ ድስት ነው። ድስቱ ከዚያ ወዲያ ለወጥ አልሆነም። አረሮቹ ግን ያምሩ ነበር፤ መካድ አይቻልም። አብረቅራቂ፣ አንድ ዓይነት፣ ጋዜጣ ላይ ተደርድረው ሲታዩ ለዓሣ ይበዛሉ። በሚቀጥለው እሑድ ክሩ ቀጥ ብሎ ሰመጠና ጋሽ ማቴዎስ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ቆሮሶ ዓሣ ያዘ። መዳፍ የምታክል ናት። ይዟት ሲስቅ ጥርሱን አየሁት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከታሸገ ወዲህ ያን ያህል ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እኔም ደስ አለኝ።

የፈሩት ይደርሳል። ብዙም ሳይቆይ አብዮት ጠባቂዎች የጦር መሣሪያ አሰሳ ብለው ሰፈሩን ከበቡ። የእኔን ቤት ፈትሸው የድሮ ካልሲ አገኙ። የጋሽ ማቴዎስን ቤት ሲፈትሹ ግን አልጋ ሥር ቆርቆሮ ሙሉ አረር፣ ከአረሩ ጋር ፎርማ። ባለቤቱ ጴንጤ። ሌላ ምን ይፈልጋሉ? በዚያ ዘመን በዚህ የተያዘ ሰው ከቀበሌ ወደ ከተማው እስር ቤት ይተላለፋል፤ ከዚያ ወዴት እንደሚተላለፍ ደፍሮ የሚጠይቅ አልነበረም። ማርታ አላለቀሰችም። ሱፉን አውጥታ ተኮሰችለትና አለበሰችው። ሲሄድ እንደ ሰው ይሂድ ብላ ነው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ጌታሁን ይባላል። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ያንን ሱፍ የሰፋው ራሱ ነው። ያኔ «ጋሽ ማቴዎስ፣ ክንድዎን ዘርጉልኝ» እያለ በሜትር የሚለካው ሰው አሁን «ተነስ፣ ስምህን ተናገር» አለው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ሳልደብቅ ልናገር። ከበላይ ያሉት ስንት ፀረ ሕዝብ ያዝክ እያሉ ወጥረውታል፤ ባዶ እጁን ከቆየ እሱንም መጠርጠራቸው አይቀርም። ፈሪ ሰው ሽጉጥ ሲታጠቅ እንዴት እንደሚሆን ደግሞ ታውቃላችሁ። ስብሰባ ላይ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ ያጋድምና አፈሙዙን ወደ እኛ ያዞረዋል።

እኔም በጎረቤትነቴ ለምስክርነት ተጠርቼ ነበር። ጌታሁን ፎርማውን አንስቶ ይህ ምንድን ነው አለው። አቦ አንዴ ዋሽ፣ የቁልፍ መቅረጫ ነው በል፣ የምን ነው በል እያልኩ በልቤ ለመንኩት።

«የጥይት ፎርማ ነው» አለ ጋሽ ማቴዎስ።

ማርታ ዓይኗን ጨፈነች። ለምን ገዛኸው ሲባል ለዓሣ አለ። ጌታሁን ዓሣ በሽጉጥ ነው ወይ የምታጠምደው ብሎ ጠየቀው፤ ምክትሉ ብቻውን ሳቀ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ቀበሌ ውስጥ ግን ያደረ ሰው ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ተራው የእኔ ሆነና ሲያጠምድ አይቼዋለሁ አልኩ። ሲይዝስ አየህ ወይ አሉኝ። አንዴ ብቻ አልኩ። ይህችን መልሴን ማርታ ለብዙ ጊዜ አልረሳችልኝም።

በዚህ መሐል ምክትሉ ሐሳብ መጣለት። ነገሩ ክርክር አያሻውም፣ አረሩ ሽጉጥ ከገባ ጥይት ነው፣ ካልገባ የዓሣ ነው፣ እንሞክረው አለ። ሁሉም ተስማማ። እንግዲህ የአንድ ሰው ነፍስ በአንዲት ቀዳዳ ስፋት ተንጠለጠለች። ጌታሁን ሽጉጡን ከጥይት ባዶ አደረገና አረሩን በአፈሙዙ በኩል ከተተው። ግማሹ ገባ። ግማሹ ውጭ ቀረ።

ገብቷል አለ ምክትሉ። አልገባም አለ አንዱ ጠባቂ፤ አባቱ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ። ገብቷል፣ አልገባም፣ ግማሽ ጥይት የሚባል አለ ወይ፣ ተከራከሩ። ጌታሁን ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ቁርጡን ለማወቅ ይሁን ከጭንቀት ለመገላገል፣ የቀበሌውን ማኅተም አነሳና በእንጨት እጀታው አረሩን ቀጠቀጠው። ገባ። እንደገና ቀጠቀጠው። ጠልቆ ጠፋ።

ገባ እኮ አለ ምክትሉ በደስታ። ጌታሁን ግን ሽጉጡን ወዘወዘው፤ የለም። ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ መታው፤ የለም። በአፈሙዙ ሲያይ ወዲያ ማዶ ጨለማ ነው። ያን ጊዜ ነው የሁላችንም ፊት የተለወጠው። ሽጉጡ የመንግሥት ንብረት ነው፤ በዚያው ሳምንት ከበላይ መጥተው መሣሪያ ይቆጥራሉ። የሕዝብ መሣሪያ ማበላሸት አሻጥር ይባላል። በአሻጥር የተያዘ ሰው የሚላከው ደግሞ ጋሽ ማቴዎስ ወደሚላክበት ነው። ከጠረጴዛው ወዲህና ወዲያ የቆሙት ሁለቱ ሰዎች እኩል ሆኑ። እውነት እላችኋለሁ፣ ያስፈራኝ የነበረው ሰው አሳዘነኝ።

ከእኔ ይልቅ ግን ጋሽ ማቴዎስን አሳዝኖት ኖሯል። ጠባቂው ክንዱን እንደያዘው ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ።

«አይዞህ ልጄ፣ ይወጣል» አለው።

ጌታሁን ቀና ብሎ አየው። «እውነት ይወጣል፣ ጋሽ ማቴዎስ?» አለ። «እርስዎ ያወጡልኛል?»

ሽጉጡ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከተከሳሹ ጋር ወደ ቤት ሄደ። እንዲህ ያለ ፍርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጋሽ ማቴዎስ የማርታን ጃንጥላ ፈታ፣ የጃንጥላውን ዘንግ በዘይት አርሶ ከኋላ አስገባ፣ በዘነዘና ቀስ እያለ መታው። አብሮ የተላከው ጠባቂ አጥር ሥር ተቀምጦ ይጸልያል፤ አብዮት ጠባቂ ይጸልያል ወይ እንዳትሉኝ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከብዙ ልፋት በኋላ አረሩ እንደ በሰለ ፍሬ ጠብ አለ። ቃለ ጉባኤው ላይ የተገኘው ዕቃ የዓሣ ማጥመጃ ነው ተብሎ ተጻፈ። ምክትሉም አልተቃወመም፤ አስገብተን እንሞክረው ያለው ማን ሆነና?

ቆጠራው በሰላም አለፈ። ከቆጠራው በኋላ ጌታሁን ብቻውን ወደ ጋሽ ማቴዎስ ቤት መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ሽጉጡ አሁን ቢተኮስ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ማቴዎስ እንደ ልማዱ አሰበ።

«ባትተኩሰው ይሻላል» አለው። «ወደ ራስህ ሊፈነዳ ይችላል።»

ጌታሁን አመነ። የጥይት ፎርማ ነው ብሎ በገዛ ራሱ ላይ የመሰከረን ሰው ማን አያምንም? ከዚያን ቀን ወዲህ ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ ሲያወጣ አላየነውም። መተኮስ የማይችል ሊቀመንበር ደግሞ ምን ያደርጋል? ያነጋግራል፣ ይለምናል፣ ያስታርቃል። በአጠገባችን ካለው ቀበሌ የእናቶች ልቅሶ ሲሰማ በእኛ ሰፈር የሚሰማው የጌታሁን ምክር ነበር፤ ምክሩ ይረዝማል እንጂ አይገድልም። ደርግ ወድቆ ሊቀመንበሮች ሁሉ ሲታሰሩ ለእኛው ሰው ግን ሕዝቡ ነቅሎ ወጥቶ መሰከረለት። ደግ ነው፣ በማንም ላይ ተኩሶ አያውቅም አለ። ተለቀቀና ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

እኔ ግን ነገሩ ሲከነክነኝ ኖሮ አንድ ቀን ጋሽ ማቴዎስን ሐይቁ ዳር አግኝቼ፣ እውነት ያ ሽጉጥ ይፈነዳ ነበር ወይ አልኩት። ምን ይፈነዳል አለኝ። ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ከበፊቱ አሳምሮ ነው የመለሰለት። ታዲያ ዋሸኸው ማለት ነዋ አልኩት። ክሩን ሰብሰብ እያደረገ ብዙ አሰበ።

«ንስሐ ልገባበት ስንቴ ተንበርክኬያለሁ» አለኝ። «ጸጸቱ ነው እምቢ ያለኝ።»