ፐርዝን ይዞ የመጣው ጎረቤቴ

ከውጭ የተመለሰ ሰው ሻንጣውን በአንድ ቀን ይፈታል፤ አፉን ከዚያ አገር ለማስመለስ ግን ዕድሜ ልኩን ይፈጅበታል። እዚህ አየርላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መንደር ካለ ንገሩኝ፤ ዛሬውኑ ቤቴን ሸጬ እገባበታለሁ። የመንደራችን የክሎንቤጉ ደግሞ ይኸው፦ ክቡር ፊንታን ጋቫሃን፣ የአውስትራሊያዋ የፐርዝ ከተማ ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር፣ የእኔ ደግሞ የአጥር ጎረቤት።

ፊንታን በጎረምሳነቱ ሄዶ ራሱ ሲመለጥ ነው የተመለሰው። ከመጣ ወዲህ ዝናባችን ጥፋተኛ ነው፤ ዳቦአችን ጥፋተኛ ነው፤ የመንገዱ ጉድጓድማ አይነሳ። «ፐርዝ ቢሆን!» ይላል ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ። ቀብር ላይ ሳይቀር፣ ሬሳው ሲወርድ ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ፣ «ፐርዝ ቢሆን አፈሩ ደረቅ ነው፤ ለሟቹም ይመቻቸው ነበር» ብሎኛል። ሟቹ አጎቴ ነበሩ።

የመጣው ግን እኛን ሊገመግም አልነበረም። እናቱ ወይዘሮ ኮንሴፕታ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። ሥራውን ጥሎ መጣና ያጥባቸው፣ ያጎርሳቸው፣ ደግፎ ያነሳቸው ጀመር። ያመጣት ጥሪት ስትሟጠጥ ለአስታማሚዎች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ ጠየቀ። ካልተፈቀደለት እሱ ወደ ፐርዝ ሥራው፣ እሳቸው ወደ መጦሪያ ቤት። መጦሪያ ቤት የሚል ቃል ሲነሳ ወይዘሮ ኮንሴፕታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

ከውጭ የመጣ ሰው ድጎማ እንዲያገኝ አገሩ የገባው ለዘለቄታው መሆኑን ማስረዳት አለበት። ለሌላው ሰው ቀላል ጥያቄ ነው።

«ለምን ተመለሱ?» አለችው የድጎማ ቢሮው ሠራተኛ በትሕትና።

«እኔም በየጠዋቱ ራሴን የምጠይቀው እሱን ነው። ፐርዝ ቢሆን ይሄኔ ጨርሰው ሻይዎን እየጠጡ ነበር።»

ሴትዮዋ የሰማችውን ጻፈች። ተከለከለ።

ውሳኔውን በሰማ ዕለት አጥሩ ሥር ተክዞ አገኘሁት። «ማላኪ፣ በገዛ አፌ እናቴን ጉድ ሠራኋት» አለኝ።

«ምነው ምላስህን እዚያው ትተኸው በመጣህ!» አልኩት። ይግባኙ ላይ እመሰክርልሃለሁ ያልኩትም እኔው ነኝ።

ይግባኝ ሰሚዋ ሸምገል ያሉ፣ ቀልድ የማይወዱ የሚመስሉ ሴት ነበሩ። «እርስዎ ምኑ ነዎት?» አሉኝ።

ጎረቤቱ ልል ነበር። «ባላንጣው» አልኩ።

ፊንታን ግንባሩን ያዘ።

«የአጥሩ ቁጥቋጦ ግቢዬ ገብቷል፣ ቁረጠው ስለው ለማዘጋጃ ቤት ከሰሰኝ። የኳስ ቡድናችን አሠልጣኝ ካልተባረረ ብሎ ፊርማ ያሰባስባል። ከቄሱ ጋር በደወል ሰዓት ተኳርፏል። እመቤቴ፣ ሊሄድ ያሰበ ሰው ይኼን ሁሉ ጠብ ይጀምራል? ጠብ እኮ ጊዜ ይፈልጋል! የእኔና የሱ ብቻ ሁለታችንንም ሳይቀብር አያልቅም።»

ወይዘሮ ኮንሴፕታ ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው አገዙኝ። «እኔንም ጨው አታብዢ እያለ ሲጨቀጭቀኝ ነው የሚውለው። ለሚሄድ ሰው የኔ ጨው ምኑ ነው?»

ይግባኝ ሰሚዋ አፋቸውን በመዳፋቸው ከለሉ። ይሳቁ ይሳሉ እንጃ።

ከዚያ ውሳኔውን መጠበቅ ሆነ። እስከዚያው ፊንታን ፐርዝን አንድም ቀን አላነሳ። ዝናቡ ወረደ፤ ዝም። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ ዝም። እረፍት አገኘሁ ብዬ ነበር፤ ለካ ጭንቀት ነው ያገኘሁት። ሲብስብኝ እኔው ራሴ፣ «ፐርዝ ቢሆን ይኼ ዝናብ…» ብዬ ጀመርኩለት። ራሱን ነቅንቆ ቤቱ ገባ። ያን ቀን ምሳ አልበላልህ አለኝ።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ከነሱ ቤት ጩኸት ሰማሁ። እሜቴ ኮንሴፕታ ወደቁ ብዬ ወደ በሩ ተጣደፍኩ። ስወጣ ፊንታን በካልሲው ብቻ ጭቃውን እየረገጠ፣ በር የሚባል ነገር ሳይፈልግ፣ ያን የተካሰስንበትን አጥር ጥሶ መጣብኝ።

«ማላኪ! ማላኪ! ተፈቀደልን!»

ተፈቀደልኝ አይደለም ያለው። ተፈቀደልን!

አንገቴን አንቆ ዘለለ። እኔም፣ ደረጃ መውጣት የሚያቅተኝ ሰውዬ፣ ዝናቡ ላይ አብሬው ዘለልኩ። እያለቀሰ ይስቃል፤ እኔ ደግሞ ዝናቡ ነው እያልኩ ዓይኔን እጠርጋለሁ።

ወይዘሮ ኮንሴፕታ መስኮቱን በምርኩዛቸው ገፉት። «እናንተ ጅሎች፣ የሳንባ ምች ሊገድላችሁ ነው! ግቡ ሁለታችሁም፣ ድንቹ ቀዘቀዘ!»