ልስን ያጣው ግድግዳ

የሌላ ሰው ሥራ መቼም ያለቀ የማይመስለው ሰው የሌለበት ከተማ የለም። አስመራ ግን፣ እንኳን ደስ ያላት፣ የሁሉንም አለቃ አግኝታለች፦ ክቡር ጡረተኛ ለሳኝ አቶ ዘርዓይ ዘሰፈረ ማይ ጭሆት!

አዲሱ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ዕርቃኑን የቆመ ኮንክሪት ነው። ሲሚንቶው የተሞላበት ጣውላ ጅማት ሳይቀር ታትሞበታል፤ መሐንዲሱ ሆን ብሎ ነው የተወው። ይህን ለአቶ ዘርዓይ ማን ያስረዳ? አርባ ዓመት ሙሉ የአስመራን ግድግዳ እንደ እንቁላል ሲያለሰልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። በየጧቱ ብሽክሌታቸውን ከበሩ ያስደግፉና፣ ግድግዳውን በጥፍራቸው ጫር አድርገው የሕንፃውን ጠባቂ ይጠይቃሉ፦

"ኣንታ ኣርኣያ፣ ልስኑ መቼ ነው?"

"ኣቦይ ዘርዓይ፣ አልቋል እኮ!"

"ኣይፋል፣ አላለቀም! ይሄማ ሸሚዝ ሳይለብስ ከረባት ያሰረ ሰው ነው።"

አንዱን ፕሮፌሰር ፌርማታ ላይ ይዘው ስለ ኖራ ሲያስተምሩት አውቶቡስ ሁለቴ አምልጦታል። ኣዜብ የምትባል ተማሪ ሹራቧ ግድግዳው ላይ ተይዞ ሲተለተልማ፣ ክሩን በፖስታ አሽገው፣ "ማስረጃ አንድ" ብለው ጽፈው ለዲኑ ላኩት!

ኣርኣያ በሆዱ እየሳቀ ይፈራል። የሦስት ወር ሙከራ ላይ ነዋ። አለቃው "ሐሙስ የጃንሆይ ሹማምንት ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ግድግዳው ላይ አንዲት ነጥብ ካየሁ ሥራህን እርሳው" ብሎታል።

ሐሙስ ጧት ኣርኣያ ሲገባ አቶ ዘርዓይ ደረጃው አጠገብ በባልዲ ውሃ እጃቸውን ይታጠባሉ። ከጀርባቸው የመስኮት ያህል ግድግዳ ተለስኗል!

"ኣቦይ! አስባረሩኝ እኮ!"

"ወደይ፣ ልጄ፣ እንግዳ እየመጣ ቤት ዕርቃኑን ይቆማል?"

ኣርኣያ አካፋ አነሳ። ገና እርጥብ ነው፣ አንዴ ቢፍቀው ይረግፋል። ግን እስቲ ብሎ በጣቱ ጫፍ ነካው። ወይ ጉድ! ሐር ነው፣ ሐር! አካፋውን ጣለና ከአንዱ ክፍል ባለ እግር ጥቁር ሰሌዳ እየጎተተ አምጥቶ ከፊቱ ገተረው፤ "እንኳን ደኅና መጣችሁ" ብሎም ጻፈበት። ሹማምንቱ ጽሑፉን አደነቁ፤ ኣርኣያ ቋሚ ሠራተኛ ሆነ።

ሰሌዳው እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ሰው ሲጠፋ ኣርኣያ ገፋ ያደርገውና መዳፉን ልስኑ ላይ ያሳርፋል። ትናንት አለቃው ድንገት ደረሰበት። አለቃው ሰሌዳውን አየ፣ ልስኑን አየ፣ ግራና ቀኙን አየ።

"እስቲ፣" አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጠጋ በልልኝ።"